የጋፋት ሠረገላ፤ ከደረስጌ እስከ መቅደላ የዘለቀው የአጼ ቴዎድሮስ ጉዞ

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የወገራን አምባ አቋርጦ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ የአየሩ ቅዝቃዜ ወደ ደጋው ጫፍ መድረሱን ያሳውቀዋል። ከደባርቅ ጥቂት እልፍ ሲል ደግሞ ምድሪቱ በድንገት ትቆረጥና መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ ቆላ ይወርዳል። ጭነት የያዙ ከባድ ተሽከርካሪዎች በዝቅተኛ ማርሽ ቁልቁል ሲወርዱና አቀበቱን ሲወጡ ለተመለከተ ሰው፣ በዚህ ስፍራ መንኮራኩር ያልነበረበትን ዘመን ማሰብ ይከብደዋል።

ይሁን እንጂ ይህ መተላለፊያ ከመኪና እጅግ የቀደመ ታሪክ ያለው ነው። ከምጽዋ ወደብ ወደ ጎንደር የሚዘልቀው ጥንታዊ የንግድ መስመር የሚያልፈው በሊማሊሞ ሲሆን፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው። ጨርቁም፣ ጠመንጃውም፣ ባሩዱም በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በበቅሎ ጀርባ ሊጫን የማይችል ዕቃ ወደ መሐል አገር መድረስ አይችልም ነበር ማለት ነው።

ይህንን ችግር ከምንጩ ለመፍታት የተነሳው ንጉሥ ዘውድ የጫነው በዚሁ በሰሜን ተራሮች ሥር ነው። አጼ ቴዎድሮስ ሁለተኛ በታሪክ በብዛት የሚነሱት አገር አንድ ለማድረግ ባካሄዱት ጦርነትና በመቅደላ በፈጸሙት የመጨረሻ ውሳኔ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ብረት ማቅለጫ ያቆሙ፣ ሠረገላ ያሠሩና ሠረገላው የሚሄድበትን መንገድ በገዛ እጃቸው ጭምር የቆፈሩ መሪ መሆናቸው የሕይወታቸው ሌላው ገጽታ ነው።

የቋራው ካሳ

በኋላ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባታቸው በልጅነታቸው በመሞታቸው እናትና ልጅ ለችግር መዳረጋቸው፣ ካሳም በገዳም ለትምህርት መግባታቸውና ገዳሙ በሽፍቶች ሲመዘበር ከሞት ማምለጣቸው በታሪካቸው ተደጋግሞ ይነገራል። ከዚያም በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት አድገው የጦር ሙያ ተማሩ።

ወቅቱ ዘመነ መሳፍንት በመባል የሚታወቀው ሲሆን፣ በጎንደር የሚቀመጡት ነገሥታት ከስም ያለፈ ሥልጣን አልነበራቸውም። ሥልጣኑ በየአውራጃው ጦር ባላቸው መሳፍንት እጅ ነበር። ከእነዚህ መካከል ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆናቸው ከሌሎቹ ይልቅ በርካታ ጠመንጃ ለመሰብሰብ ችለው ነበር።

ካሳ ሽፍታ ሆነው በቋራ ቆላ ኃይል ካሰባሰቡ በኋላ በ1840 ዓ.ም ከአገሪቱ ምዕራባዊ ጠረፍ ባሻገር ባለው ደባርቂ በተባለ ስፍራ የግብጽን ጦር ገጠሙ። ስፍራው በስም ከሰሜኑ ደባርቅ ጋር ቢቀራረብም በሱዳን በኩል የሚገኝ ሌላ ቦታ ነው። ግብጻውያኑ በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ምሽግ ይዘው፣ በሥርዓት ተሰልፈውና መድፍ ተክለው ስለጠበቁ የካሳ ፈረሰኛ በጀግንነት ቢወረወርም ተመትቶ ተመለሰ።

ይህ ሽንፈት ለካሳ ትልቅ ትምህርት ሆናቸው። ጀግንነት ብቻውን ከሥልጡን ጦርና ከመድፍ ጋር እንደማይወዳደር የተረዱት በዚያን ዕለት እንደነበር የኋላ ሥራቸው ያመለክታል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ነገሮች ከሐሳባቸው አልተለዩም። አንደኛው በደንብ የተደራጀ ሠራዊት ሲሆን ሌላው መድፍ ነበር።

ደረስጌ ማርያም

ካሳ በ1845 ዓ.ም በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ደግሞ በአይሻል ራስ አሊን አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት የጎጃሙን ደጃዝማች ብሩን ማረኩ። ከዚህ በኋላ በመንገዳቸው ላይ የቀሩት ዋነኛው ተፎካካሪ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ።

በየካቲት 1847 ዓ.ም የካሳ ሠራዊት ወደ ሰሜን ወጥቶ ዛሬ በጃናሞራ ወረዳ ከሚገኘው ደረስጌ አካባቢ ከውቤ ጦር ጋር ገጠመ። ውጊያው በካሳ አሸናፊነት የተጠናቀቀ ሲሆን ደጃዝማች ውቤም ተማረኩ። በውቤ አምባዎች ተከማችቶ የነበረው እጅግ ብዙ ጠመንጃና ሀብትም በካሳ እጅ ገባ።

ደረስጌ ማርያም ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት ቤተክርስቲያን ሲሆን፣ ውቤ ራሳቸው ሊነግሡበት አስበውት እንደነበር በአካባቢው የሚነገር ትውፊት አለ። ከድሉ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በዚህ ቤተክርስቲያን ካሳን ቀብተው ቴዎድሮስ ሁለተኛ፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ በሚል ስም አነገሧቸው። ዘመነ መሳፍንት ያበቃውም በዚሁ ዕለት እንደሆነ ይታሰባል።

የሰሜን ግንኙነታቸው በዚህ አልተቋረጠም። የመጀመሪያዋ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ከሞቱ በኋላ የውቤን ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅን ያገቡ ሲሆን፣ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ከዚህ ጋብቻ ነው። ይህም ልዑሉን የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ ያደርገዋል።

ደባርቅ ላይ የፈሰሰ ደም

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለዘመናዊ ሥራ ይማከሩባቸው ከነበሩት የውጭ ሰዎች መካከል ሁለት እንግሊዛውያን ቀዳሚ ነበሩ። አንደኛው ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን ሲሆን ሌላው ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ በቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው ጆን ቤል ነው። ንጉሡ ስለ አውሮፓ የጦር አደረጃጀት፣ ስለ ማሽንና ስለ ፋብሪካ ያላቸውን እውቀት ካገኙባቸው ምንጮች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኙበታል።

በ1852 ዓ.ም ፕላውደን ወደ አገሩ ለመመለስ ከጎንደር ሲወጣ በዓመጸኛው ጋረድ ሰዎች እጅ ወድቆ ቆስሎ ሞተ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ጋረድን በደባርቅ አካባቢ፣ በሊማሊሞ አፋፍ በሚገኘው ሜዳ አገኙት። በውጊያው ጋረድ የተገደለ ሲሆን፣ ጆን ቤልም ንጉሡን ለማዳን ሲል ሕይወቱን አጣ።

ንጉሡ በሐዘንና በቁጣ ተነሳስተው በደባርቅ የተማረኩትን በርካታ ሰዎች በሞት ቀጡ። ይህ ድርጊት ገና በመጀመሪያዎቹ የንግሥና ዓመታት የታየ የጭካኔ ምልክት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላም እየባሰ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። በጥር 1853 ዓ.ም ሰሜንንና ትግራይን ይዞ የነበረው አገው ንጉሤ ተሸንፎ ሲገደል የሊማሊሞ መስመር ለጊዜው በንጉሡ ቁጥጥር ሥር ገባ። ነገር ግን ምጽዋ በባዕድ እጅ በመሆኑ መሣሪያና ማሽን ከውጭ ማስገባት አስቸጋሪ እንደሆነ ቀጠለ። ንጉሡም ከውጭ የማይገባውን በአገር ውስጥ ለመሥራት ቆረጡ።

ጋፋት

ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም ሳይርቅ የምትገኘው ጋፋት የተመረጠችው በዚህ ምክንያት ነው። በስፍራው የሰፈሩት አውሮፓውያን አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ፣ ስብከትን ከእጅ ሙያ ጋር ያጣመሩ ወጣቶች ነበሩ። ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ተጨምረውበታል። ዋልድማየርና ዛልሙለር የሟቹን የጆን ቤልን ልጆች አግብተው ከአገሩ ጋር ተዛምደዋል።

እነዚህ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት መድፍ ለመሥራት አልነበረም። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩ ሲጠይቋቸው ሙያው እንደሌላቸው ቢያስረዱም ተቀባይነት አላገኙም። ንጉሡ ሙከራው ቢበላሽም እንደማይቀየሙ፣ ሥራው ግን መጀመር እንዳለበት አሳወቁ። በጋፋት ምድጃ ተሠርቶ፣ ከሰልና ነሐስ ተሰብስቦ፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለሥልጠና ተመድበው ሥራው ተጀመረ።

መድፍ ማቅለጥ ቀላል ሥራ አይደለም። ነሐሱ ቀልጦ ወደ ቅርጹ የሚፈስሰው በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ለትልቅ መድፍ በርካታ ምድጃዎች እኩል ግለው እኩል መከፈት አለባቸው። አንዱ ከዘገየ ብረቱ በመሐል ይረጋል። ቅርጹ የተሠራበት ጭቃ በሚገባ ካልደረቀ ደግሞ እርጥበቱ በግለቱ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሥራውን ሁሉ ያፈነዳዋል። ምድጃውን የሚችል ጡብ ማግኘት ራሱ ችግር ነበር። በጋፋት የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች የከሸፉትም ሙያው፣ ጡቡና ምድጃው ገና ያልተፈተኑ ስለነበሩ ነው።

ንጉሡ ግን ቃላቸውን ጠብቀው በውድቀቱ ማንንም ሳይቀጡ ሥራው እንዲደገም አደረጉ። በሰው ላይ በቀላሉ የሚቆጡት ንጉሥ ለማሽን ስሕተት ያሳዩት የነበረው ትዕግሥት አብረዋቸው የነበሩትን ሁሉ ያስደነቀ ነበር። ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ትናንሽ መድፎች ተሳክተው ሲተኮሱ ሠራተኞቹ ገንዘብ፣ በቅሎና የክብር ልብስ ተሸለሙ። ቀጥሎም በየጊዜው ከቀደመው የሚተልቅ መድፍ እንዲሠራ ትእዛዝ ይሰጥ ጀመር።

በ1850ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ሴባስቶፖል የዚህ ሥራ ከፍተኛው ደረጃ ነው። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩስያ የባሕር ኃይል ከተማ የተወሰደ ሲሆን ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። በሠለጠነ ፋብሪካ ሳይሆን በጭቃ ቅርጽ፣ በከሰል ምድጃና በጥቂት ባለሙያዎች እጅ መሠራቱ በጊዜው ለኢትዮጵያ ታላቅ የቴክኒክ ውጤት ነበር።

የንጉሡ የማሽን ፍላጎት በመድፍ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በወቅቱ በእስር ላይ የነበረው የእንግሊዝ ልዑካን ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጻፈው ማስታወሻ እንደተገለጸው፣ አጼ ቴዎድሮስ በጣና ሐይቅ ላይ የእንፋሎት መርከብን ለመምሰል ሞክረው ነበር። ከደንገል በተሠሩ ትላልቅ ታንኳዎች ጎንና ጎን መንኮራኩሮች ተገጥመው፣ ሞተር በሌለበት ሰዎች በእጀታ እያዞሩ እንዲያንቀሳቅሷቸው ተደረገ። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ በመክበዱ ሙከራው ለዘለቄታው ባይሳካም፣ ንጉሡ ያዩትን ማሽን በአገር በቀል ቁሳቁስ ለመሥራት ያደረጉትን ጥረት ያሳያል።

ያልመጣው ማሽን

አጼ ቴዎድሮስ በጋፋት የሚሠራው ሥራ በቂ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነትን የሚጠይቅ ደብዳቤ በቆንስል ካሜሮን በኩል ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሡ ይህንን እንደ ንቀት በመቁጠር ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳምም ከእነ ባልደረቦቹ ጥቂት ቆይቶ የእስረኞቹ ዕጣ ደረሰው።

በዚያው ዓመት ንጉሡ ሚሲዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ባለሙያዎችና ማሽኖች እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹንና መሣሪያዎቹን እስከ ምጽዋ ካደረሰ በኋላ እስረኞቹ ካልተፈቱ ወደ ደጋው እንደማያሻግራቸው አስታወቀ። ንጉሡ በበኩላቸው ባለሙያዎቹ ሳይደርሱ እስረኞቹን ለመልቀቅ ፈቃደኛ አልሆኑም። አንዱ ሌላውን ባለማመኑ ማሽኑ ከባሕር ዳር ሳያልፍ ቀረ።

በአገር ውስጥም ሁኔታው እየከፋ ሄዷል። ለሠራዊቱ ቀለብ የሚደረገው ዘረፋ ገበሬውን አስመረረ። የቤተክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ የተደረገው ሙከራ ካህናቱን ከንጉሡ አጣላ። በ1857 ዓ.ም ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በሸዋ ነገሡ። በላስታ፣ በጎጃም፣ በትግራይና በሰሜን ዓመጽ ተቀጣጠለ። በ1859 ዓ.ም ንጉሡ ራሳቸው የጎንደርን ከተማ አስመዝብረው አቃጠሉ። የጋፋት ምድጃ በሙሉ ኃይሉ በሚነድበት ወቅት የንጉሡ ግዛት ወደ በጌምድር ጥቂት ክፍልና ወደ መቅደላ አምባ ጠብቦ ነበር።

መንገድና ሠረገላ

በመስከረም 1860 ዓ.ም መጨረሻ አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሠራዊታቸውን፣ ቤተሰቡን፣ እስረኞቹንና የጋፋትን ባለሙያዎች ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መድፎቹ በሙሉ የጋፋት ሰዎች በሠሯቸው ሠረገላዎች ላይ ተጫኑ። በኢትዮጵያ ደጋ መንኮራኩር እምብዛም በማይታወቅበት ዘመን ይህ በዓይነቱ ልዩ የሆነ ጉዞ ነበር።

ትልቁ ችግር ክብደቱ ብቻ አልነበረም። በቅሎ የምትሄድበት ቀጭን መንገድ ለሠረገላ አይሆንም። ሠረገላ ስፋት ያለው፣ ቋጥኙ የተነሳ፣ አቀበቱ የተለሳለሰና ጎኑ የተደገፈ መንገድ ይፈልጋል። በአቀበት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ገመድ ይጎትቱታል። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ስለሌለው ሰዎች ከኋላ ሆነው ገመዱን እየወጠሩ ክብደቱን በጉልበታቸው መያዝ አለባቸው። ገመዱ ቢበጠስ ወይም አንድ ቡድን ቢደክም 7 ቶን ነሐስ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይዞ ገደል ይገባል።

ንጉሡ የመንገዱን ሥራ ራሳቸው ይመሩ ነበር። የመንገዱን አቅጣጫ የሚያወጡት፣ የትኛው ቋጥኝ በባሩድ እንደሚፈርስና የትኛው ቦታ በድንጋይ እንደሚደገፍ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልብሳቸውን አጥፈው ድንጋይ ይፈነቅሉና አፈር ይዝቁ እንደነበር በስፍራው የነበሩት አውሮፓውያን መስክረዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሳ ያየ መኳንንት ቆሞ ሊመለከት ስለማይችል ሹማምንቱም ከወታደሩ ጋር ተሰለፉ። የእጅ ሥራ የዝቅተኛ ሰው ተግባር ተደርጎ በሚታይበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጉዞው በወደላና በደላንታ አምባዎች ላይ ሲያልፍ የጅጣንና የበሽሎን ጥልቅ ሸለቆዎች መሻገር ነበረበት። ከአንዱ አምባ ጫፍ ወደ ወንዙ ወርዶ በተቃራኒው በኩል መውጣት ማለት ነው። በየዕለቱ የሚሸፈነው ርቀት ጥቂት ሲሆን፣ ዓመጸኞች በየጎኑ አድፍጠው ከሰልፉ የተነጠለውን ይገድሉ ነበር። የሚበላ ነገርም ከአካባቢው ገበሬ በኃይል ይወሰድ ነበር። መንገዱ የተሠራው በንጉሡ ጽናት ብቻ ሳይሆን ስማቸው ባልተመዘገበ ወታደሮችና ገበሬዎች ላብና ረሃብ ጭምር ነው።

ስድስት ወር ገደማ ከፈጀ ጉዞ በኋላ በመጋቢት 1860 ዓ.ም ሴባስቶፖል የመቅደላን ዳገት ወጣ። ለንጉሡ ይህ ከማንኛውም የጦር ድል የማያንስ ደስታ ነበር።

በዚያው ሰሞን በሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13 ሺህ ያህል ወታደር ያለው የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ዳር ወደ መቅደላ እየገሰገሰ ነበር። ይህ ጦር በዙላ ወደብ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ የዘረጋ ሲሆን፣ መድፎቹን በተራራው ላይ የሚያጓጉዙለት 44 ዝሆኖች ከሕንድ አምጥቶ ነበር። ወደ ጅጣና በሽሎ ሸለቆዎች ሲደርስም አጼ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያሠሩትን ሰፊ መንገድ ተዘጋጅቶ አገኘው። የእንግሊዝ መኮንኖች የመንገዱን አሠራር አድንቀው የተጠቀሙበት ሲሆን፣ ንጉሡ በስድስት ወር ድካም የከፈቱት በር ለጠላታቸው ጉዞ ማፋጠኛ ሆነ።

መቅደላ

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ የንጉሡ ሠራዊት ከመቅደላ ሥር በሚገኘው በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። ከአምባው ላይ የተተኮሱት የጋፋት መድፎች ውጤት አላስገኙም። ከትላልቆቹ አንዱ ከመጠን በላይ ባሩድ ስለተጎረሰበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። መድፉን መሥራትና መጎተት እንጂ በትክክል አልሞ መተኮስ የሚችል የሠለጠነ መድፈኛ በበቂ ሁኔታ አልተዘጋጀም ነበር። ሜዳው ላይ የወረደው ሠራዊትም በአዲስ ዓይነት ጠመንጃና በሮኬት ተመትቶ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ።

አጼ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ከለቀቁ በኋላ እጃቸውን እንዲሰጡ የቀረበላቸውን ጥያቄ አልተቀበሉም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ወታደሮች የአምባውን በር ሰብረው ሲገቡ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። የመቅደላ ቤተ መጻሕፍትና የቤተክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ተዘርፈው በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወረዱ። መድፎቹ ሲወድሙ ሴባስቶፖል ግን በስፍራው ቀረ።

ከመቅደላ በኋላ

አጼ ቴዎድሮስ ባረፉ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በቤንዚን የሚሠራ ባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ ከፓሪስ እስከ ሩዋን የተካሄደው ውድድር የተሽከርካሪ እሽቅድምድም መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። በአውሮፓ የመኪና ሥራ በፍጥነት ሊስፋፋ የቻለው ብረት ማቅለጫው፣ የሠለጠነው ባለሙያና ሰፊው መንገድ አስቀድመው ስለነበሩ ነው። አጼ ቴዎድሮስ በጋፋትና በመቅደላ መንገድ ላይ ለመጀመር የሞከሩት እነዚህኑ መሠረቶች ነበር።

በመቅደላ አሥር ዓመት ያህል ታግተው ያደጉት ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የማሽን ፍላጎቱን በሌላ መንገድ አስቀጠሉ። በዘመናቸው አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ የሰርኪስ ባቡር ተብሎ በሕዝቡ ዘንድ ስም አገኘ። የመጀመሪያው መኪናም እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነስቶ በብዙ ድካም እየነዳ በ1900 ዓ.ም አዲስ አበባ አስገባው። ምኒልክ ማሽኑን በውጭ ሰዎች በኩል ቢያስመጡም፣ ከባዕዳን ጋር በነበራቸው ግንኙነት ከቴዎድሮስ የተለየ ብልሃት ተከትለዋል።

ወደ ደባርቅ መኪና የመጣው ግን በወረራ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መጋቢት 1928 ዓ.ም በዚህ መስመር ጎንደርን ከያዘ በኋላ ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ አስቆፈረ። መንገዱ የተሠራው ለወራሪው ጦር ስንቅና መሣሪያ ማመላለሻ ነበር። በገደሉ አናት በወልቂፍት የመሸገው የኢጣልያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ በመስከረም 1934 ዓ.ም እጁን ሲሰጥ፣ መንገዱ ለአገሬው ቀረ። ለጠላት ጉዞ የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ለባለአገሩ ማገልገሉ፣ ለባለአገሩ የተሠራው የመቅደላ መንገድ ደግሞ ለጠላት ማገልገሉ በታሪክ ጎን ለጎን የሚታይ ነው።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በእንግሊዝ አገር በቤተ መዘክር ተቀምጦ የነበረው የንጉሡ ጸጉርም በ2011 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ጋፋትም በአገሪቱ የኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያዋ የፋብሪካ መንደር ተደርጋ ትጠቀሳለች።

የአጼ ቴዎድሮስ ሕይወት ለመንግሥት ሥራ ኃላፊነት ለተሸከመ ሁሉ ሁለት ገጽታ ያለው ትምህርት ይሰጣል። በአንድ በኩል ቴክኖሎጂ ከውጭ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ ከመጠበቅ ይልቅ በአገር ውስጥ ባለው አቅም መጀመር እንደሚቻል፣ ውድቀትን ታግሶ መደገም እንደሚገባና መሪ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ቢያነሳ ሥራ እንደሚከበር አሳይተዋል። በሌላ በኩል ሕዝብ ያልተቀበለው ሥራ ምንም ያህል ታላቅ ቢሆን እንደማይጸና የራሳቸው ፍጻሜ ይመሰክራል። የጋፋት ምድጃ ለመድፍ እንጂ ለማረሻ አልነደደም፤ መንገዱም ከገበሬው ጎተራ ወደ ገበያ ሳይሆን ከአንድ ምሽግ ወደ ሌላው ያመራ ነበር።

ከደረስጌ ማርያም ደጀ ሰላም የተነሳው የቋራው ካሳ ጉዞ በመቅደላ ቢቋጭም፣ የጀመሩት ጥያቄ ግን አልተቋጨም። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ጭነቱን ይዞ የሚወርድ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በሰሜን ተራሮች ሥር ዘውድ ጭነው የተነሱት ንጉሥ ሊያዩት ይመኙት የነበረውን ዘመን ያስታውሳል። ያንን ተሽከርካሪ፣ የሚሄድበትን መንገድና የሚጠግነውን ባለሙያ በአገር ውስጥ አቅም ማፍራት ደግሞ ከጋፋት ለዛሬው ትውልድ የተላለፈ የቤት ሥራ ነው።